ግማሽ ታንከር ውሃ

ወንድሜ ሰላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሦስት ልጆች ወልዷል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ አናቱ ላይ ደርሷል፣ ቤታችን ውስጥ ግን ዛሬም ስሙ ማሙሽ ነው። እኔ የምበልጠው በስድስት ዓመት ብቻ ቢሆንም እሱ ከተወለደ ጀምሮ «ትልቋ» ነኝ። ማሙሽ ሲያጠፋ ልጅ ስለሆነ ነው። እኔ ሳጠፋ ትልቅ ሆኜ ሳለ ነው። አባባ ያሳደጉን በዚህ ሕግ ነው፤ ተሳቢዋን ከእጄ ነጥቀው ለእሱ ሊሰጡ የተነሱትም በዚሁ ሕግ ነው።

ተሳቢዋ ቤቴ ናት። በፒክአፕ የምትጎተት ባለ ሁለት ጎማ የቆርቆሮ ቤት። ከፊት አልጋዬ፣ መሃል ላይ የፀጉር መቁረጫ ወንበርና መስታወት፣ ከኋላ ሻወር። መንገድ የሚሠራበት፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት፣ ቦይ የሚቆፈርበት ቦታ ድረስ እየሄድን የሠራተኛውን ፀጉር እንቆርጣለን፣ ገላውን እናስታጥባለን። መጀመሪያ አባባ ይቆርጡ ነበር፣ እኔ ውሃ አሞቅ ነበር። የእሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቀሱም መሪውም ወደ እኔ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ያለችኝ እሷ ናት። ማሙሽ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፤ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በነጻ ይቆረጣል፣ ከዚያ የኋላ ፀጉሬን እንዴት እንዲህ አደረግሽው ብሎ ያማርራል።

ሰው ተሳቢ መጎተት ማለት መንዳት ይመስለዋል። ይምሰለው። ዋናው ሥራ ያለው ሞተር ሳይነሳ፣ ጭነቱ ላይ ነው። ከጠቅላላ ክብደቷ ከስምንት አንዱ እጅ አፍንጫዋ ላይ፣ ማለትም ከፒክአፑ ጋር የምትያያዝበት ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። አፍንጫዋ ቀልሎ ኋላዋ ከከበደ፣ ፍጥነት ሲጨመር ጭራዋን መቁላት ትጀምራለች። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እያንዳንዱ ከበፊተኛው እየሰፋ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጎታቹን ራሱን ይዛው ትገለበጣለች። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። ሁለት ታንከር አለን፣ ከአልጋዬ ሥር ንጹህ ውሃ፣ ከሻወሩ ሥር እጣቢ። የፊቱ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ነው መሆን ያለበት፤ ግማሽ ከሆነ ውሃው ከጎን ወደ ጎን እየተላጋ ቤቷን አብሮ ይገፋታል። የኋላው ሁልጊዜ ተደፍቶ ነው የምንነሳው። ይሄን ሁሉ ያስተማሩኝ አባባ ናቸው፣ አብዛኛውን በስድብ።

አንድ ልማድ አላቸው። ከመነሳታችን በፊት መስታወቱ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ ነጭ ፎጣ ያነጥፋሉ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ ሞልተው ፎጣው ላይ ያስቀምጣሉ። ስንደርስ ፎጣውን በጣታቸው ይዳስሳሉ። እርጥብ ከሆነ ያን ቀን አያናግሩኝም። በመጀመሪያው ዓመት እኔና እሳቸው ምናልባት አርባ ቀን ብንነጋገር ነው። በኋላ በኋላ ፎጣው ደረቅ ሆነ፣ ዓመት እስከ ዓመት ደረቅ ሆነ። ደረቅ ሲሆን ውሃውን ጭልጥ አድርገው ይጠጡና ብርጭቆውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። አንድም ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ያቺን ጭልጥ ማድረጋቸውን እንደ ምርቃት ነበር የምቆጥራት። ሞኝ ነበርኩ።

ማሙሽ ሥራ ፈታ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ተባረረ፤ እሱን ከጠየቃችሁት ደረጃው ስላልሆነ ትቶላቸው ነው። በሳምንቱ አባባ ጠሩኝ። ቁጭ በይ እንኳ አላሉኝም። ተሳቢዋን ለእሱ እንደሚሰጡት፣ ሁለት ፀጉር ቆራጮች ቀጥሮ እንደሚሠራባት ነገሩኝ። እኔስ የት ልደር ብዬ ጠየቅኩ። እሱ ቤት ከልጆቹ ጋር ትተኛለሽ፣ ሚስቱም አጋዥ ያስፈልጋታል አሉ። ለካ ሞግዚት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ፣ ያውም ሳይነገረኝ።

«አንቺ አንድ ራስሽን ነሽ፤» አሉኝ። «እሱ ሦስት ልጅ አለው። ለማን ላስብ?»

ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት የዋጥኩትን ሁሉ አወጣሁት። ስንት ክረምት ጭቃ ውስጥ ጎማ እንደቀየርኩ፣ ስንት ሰው ራስ እንዳጠብኩ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ስንቴ ተሸክሜ ሐኪም ቤት እንዳደረስኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በመጨረሻ፣ ማሙሽ አንድ ቀን ቢጎትታት ሰው ይፈጃል፣ ፎጣዎን አጨማልቆት ነው የሚመጣው ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ። ሌላው ሁሉ አልገባቸውም፣ ፎጣዋ ገባቻቸው። እንግዲያው ይሞከር አሉ። ደልዳላውን መንገድ ይዞ እስከ መገንጠያው ደርሶ ይመለስ። ፎጣው ደረቅ ከሆነ የእሱ፣ ከረጠበ እስክሞት ድረስ የእኔ።

አባባ ክፉ ናቸው እንጂ ቃላቸውን አያጥፉም። እሺ አልኩ። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ነው እንግዲህ ዋናውን የጨመሩልኝ። ማሙሽ ገና ስላልለመደ ጭነቱን እኔ እንድጭንለት አዘዙኝ። እስቲ ይሄ ምን ይባላል? ከቤቴ ልባረር ነው፣ የምባረርበትንም እኔው ላሰናዳ ነው።

ጠዋት ጫንኩ። ጄኔሬተሩን ከፊተኛው ሳጥን አውጥቼ በጋሪ ወደ ኋለኛው ሳጥን ወሰድኩት፤ ሰባ ኪሎ ነው፣ ወገቤን ቆረጠኝ። የፊቱን ታንከር ከፍቼ ውሃውን እስከ ግማሽ አፈሰስኩት። የኋላውን እጣቢ ሳልደፋው ተውኩት። አፍንጫዋን የእህል ባስኩላ ላይ አሳርፌ ስመዝናት፣ ሁለት መቶ ኪሎ መሆን የነበረባት ሰማንያ ሆና ቁጭ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ማንንም ልገድል አላሰብኩም። እስከ መገንጠያው መንገዱ ሜዳ ነው፣ በአርባ ነው የሚነዳው። በአርባ ትንሽ ትወዛወዛለች፣ ብርጭቆው ይፈሳል፣ ፎጣው ይረጥባል፣ ቤቴም የእኔው ሆና ትቀራለች። የማሙሽ ሱሪ አብሮ ትንሽ ቢረጥብ ደግሞ አልጠላም ነበር።

አባባ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። በፊት ቢሆን ባስኩላውን ጎንበስ ብለው ራሳቸው ነበር የሚያነቡት፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ትተውታል።

«መዘንሻት?» አሉኝ።

«መዘንኳት።»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ።»

«አንቺ ከመዘንሽ በቃ፤» አሉ።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው እንዲወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ሲወጣ በዚያ ጠዋት ሆነ። ሰማንያ ነው ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር፤ የልጆቹ ክፍል ትዝ ሲለኝ ዘወር ብዬ ወደ ፒክአፑ ሄድኩ።

ማሙሽ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ መሪው ላይ ተሰይሟል። አጠገቡ ገባሁ። አባባ ሦስተኛ ሆነው ከጎኔ እንደሚቀመጡ ነበር የማውቀው፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞሩ። በጎን መስታወት አየኋቸው። የተሳቢዋን በር ከፍተው ዱላቸውን ወደ ውስጥ ወረወሩ፣ እየተንጠላጠሉ ገቡ። ተሳቢ ውስጥ ሰው አይሳፈርም፣ ይሄም የእሳቸው ሕግ ነው። ምን እየሆኑ ነው ብዬ ማሙሽን ስጠይቀው ሳቀ። አንቺ ተንኮል እንዳትሠሪ ብርጭቆው አጠገብ ቁጭ ብለው ሊጠብቁት ነው አለኝ። መንገዱም ተቀይሯል፣ ሜዳውንማ ሕፃንም ይነዳዋል፣ ቁልቁለቱን እስከ ወንዙ ድልድይ ነው የምንወርደው፣ እሱ ጠይቋቸው አባባም ፈቅደዋል።

ክው አልኩ። የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«ማሙሽ፣ ቆይ አንዴ፤» አልኩት።

«እትዬ፣ በቃሽ፤» አለኝ። «ዛሬ እንኳ አፍሽን ዝጊ። ማታ ከልጆቹ ጋር ፍራሽ እናነጥፍልሻለን፣ እዚያ እንደልብሽ ትለፈልፊያለሽ።»

አፌን ዘጋሁ። ተሳቢዋ ውስጥ ማን እንዳለ ረስቼ አይደለም። እያወቅኩ ነው የዘጋሁት። በዚህ የሚቆጣኝ ሰው ካለ ይቆጣኝ፣ እኔም ራሴን የተቆጣሁበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ማሙሽ አንዳንዴ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ፣ ይሄን ነው እንዴ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትንጠባረሪበት የኖርሽው ይለኛል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ማርሽ ቀንስ አልኩት፤ እልህ ይዞት ነዳጅ ጨመረ። ስልሳ። ሰባ። ከኋላችን አንድ ነገር ቀስ ብሎ የፒክአፑን ወገብ ወደ ግራ ገፋ አደረገው። ከዚያ ወደ ቀኝ። ማሙሽ ነፋስ ነው አለ። ነፋስ አልነበረም፤ የመንገዱ ዳር ሣር እንኳ አይነቃነቅም።

ሦስተኛው ላይ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። ወደ ተቃራኒው ጠመዘዘው፣ ባሰባት። ፍሬን ረገጠ፣ ጭራሽ ባሰባት። ጎማው ይጮኻል፣ ውሃው ሲላጋ እስከ ጋቢና ድረስ ይሰማል፣ አባባ ከውስጥ ግድግዳውን ይደበድባሉ፣ ወይም ግድግዳው እሳቸውን ይደበድባቸዋል። በቀኝ በኩል ገደል ነው። ፍሬኑን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርግ እለዋለሁ፣ ማሙሽ የለም። ዓይኑ ፈጦ እማዬ፣ እማዬ ይላል። እናታችን ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

እግሩን በእግሬ ገፍቼ ከፍሬኑ ላይ አወረድኩት። በግራ እጄ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ በቀኝ እጄ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ ጨበጥኩ። ያቺ ማንሻ የተሳቢዋን ጎማ ብቻ የምትይዝ ፍሬን ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ መኪና ሲያልፈን በነፋሱ ሊጥለን ሲል ነው ያስገጠምኳት፤ ማሙሽ መኖሯንም አያውቅም። ቀስ አድርጌ ሳብኳት፣ ለቀቅ አደረግኳት፣ ደግሞ ሳብኳት። ተሳቢዋ ከኋላ እንደተወጠረ ገመድ ሆነች። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሄደች፣ ከዚያ ውዝዋዜዋ እየጠበበ እየጠበበ መጥቶ ቀጥ አለች። መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምን። የማሙሽ ሱሪ ረጥቧል። ደስ ይለኛል ያልኩት ነገር ምንም ደስ አላለኝም።

ሮጬ በሩን ከፈትኩ። አባባ ወለሉ ላይ ናቸው። ግንባራቸው ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል፣ ደሙ ወርዶ አንዱን ዓይናቸውን ደፍኖታል። የብርጭቆ ስብርባሪ በየቦታው ተበትኗል። ላነሳቸው እጄን ስዘረጋ ገፉኝና ማሙሽን ጠሩ። ማሙሽ አቅፎ አወረዳቸው፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው፣ እኔ ደንበኛ አንገት ላይ የማስረውን ነጭ ጨርቅ አምጥቶ ግንባራቸውን አሰረላቸው። እኔ እንደ እንግዳ ሰው ቆሜ አያለሁ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ዱላቸውን አስመጥተው ተነሱ። የኋለኛውን ሳጥን በዱላው መቱትና ክፈተው አሉት። ጄኔሬተሩ እዚያ ተገትሯል። ከዚያ ወደ ፊት ሄደው የታንከሩን ጎን ከላይ እስከ ታች አንኳኩ፤ መሃል ላይ ሲደርሱ ድምፁ ተቀየረ።

«ማን ነው የጫነው?» አሉ።

«እኔ።»

«ግማሽ ውሃ የተወውስ?»

«እኔ።»

ማሙሽ መሃል ገባ። እኔ ባልይዛት ኖሮ ዛሬ አልቀን ነበር አለ። ድምፁ ገና ይንቀጠቀጣል፣ ውሸቱ ግን ሳይንገዳገድ ነው የወጣው። የያዝኳት እኔ ነኝ፣ የተሳቢዋን ፍሬን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ማንሻዋ የት እንዳለች ይጠይቁት አልኳቸው። ማሙሽ ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። እሷማ ዓይኗን ጨፍና ትጮህ ነበር አላቸው።

አባባ ባልተደፈነው ዓይናቸው አዩኝ።

«እሱን ተይው፤» አሉ ቀስ ብለው። «አንዷን ምረጪ። የያዝሻት አንቺ ከሆንሽ ሥራውን ታውቂያለሽ ማለት ነው። ሥራውን የምታውቂ ከሆነ ይሄን ጭነት አውቀሽ ነው የጫንሽው፣ እኔ ስገባም እያየሽ ዝም ብለሻል። ልትገድዪኝ ነበር ማለት ነው። እንዲያ ካልሆነ ደግሞ ሥራውን አታውቂም። ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም?»

አውቃለሁ ብል አባቷን ልትገድል የነበረች ልጅ ነኝ፤ እንዲያ አይደለም ብዬ የምምልበት አፍ ደግሞ አልነበረኝም፣ ሲገቡ አይቻለሁ። አላውቅም ብል ያ ሁሉ ዘመኔ ከንቱ ቀረ። ማሙሽን አየሁት። የጫማውን አፍንጫ እያየ ይጠብቃል።

«አላውቅም፤» አልኩ።

ይጠራጠራሉ ብዬ ነበር። ሌላው ቢቀር ትንሽ ያንገራግራሉ፣ አንቺማ ታውቂያለሽ ይሉኛል ብዬ ነበር። ወዲያው አመኑኝ፤ በማያውቅ ሰው ጭነት የረጠበ ፎጣ አይቆጠርም፣ ተሳቢዋ የማሙሽ ናት አሉ። ለካ እስከ ዛሬ በሰላም የሄድነው በእኔ ዓይን ነው አሉት ለማሙሽ። ያን ሁሉ ደረቅ ፎጣ ለራሳቸው ወሰዱት። ተሳቢዋን ከማጣቴ ይበልጥ ይሄ አመመኝ፣ ዛሬም ያመኛል።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እዚያ መዞር አይቻልም፣ የቀረውን ቁልቁለት ወርዶ ድልድዩ ጋ መዞር ግድ ነው። አባባ ፒክአፑ ውስጥ ገብተው ወንበሩን አጋደሙ፣ ጨርቁን ሁለቱም ዓይናቸው ላይ አወረዱት። ማሙሽ ጄኔሬተሩን ወደ ፊት እንዲያመጣ፣ የኋላውን ታንከር እንዲደፋ አዘዙ። እሷ እንዳትነካ አሉት፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ማሙሽ ጄኔሬተሩን ብቻውን ሊያነሳ ሞከረ፣ አልቻለም፣ ድልድዩ ቅርብ ነው ብሎ ሳጥኑን መልሶ ዘጋው። ከዚያ ከወለሉ ሥር ተንበረከከ። የሁለቱም ታንከሮች ቧንቧ እዚያ ድረስ ስለሚመጣ መክፈቻቸው ጎን ለጎን ነው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

«እትዬ፤» አለኝ፣ አባባ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኋላው የትኛው ነው?»

ቀና ብሎ ነው የሚያየኝ። ፊቱ ላይ አቧራና ላብ ተለውሷል፣ ልጅ ሳለ ጫማውን ሳስርለት እንደሚያየኝ ነው የሚያየኝ። እንደማውቅ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም።

«አላውቅም፤» አልኩት።

ከዚያ የግራውን ከፈተ። የወረደው ውሃ ኩልል ያለ ንጹህ ውሃ ነበር። አፍንጫዋን ጥቂት እንኳ አክብዶ ይዟት የነበረው ያ ውሃ ነው። እጣቢው ከኋላ እንደሞላ ነው፣ ጄኔሬተሩም እንደዚያው። አባባ ከጋቢና ሆነው ፈሰሰ ወይ አሉ። ማሙሽ የውሃውን መልክ እንኳ ሳያይ ፈሰሰ አለ። እውነቴን ነው የምለው፣ ልቤ ደስ አለው። ይውረድ፣ ማንሻዋንም ፈልጎ ያግኛት አልኩ በሆዴ። አባባም እዚያው ውስጥ እንዳሉ አልጠፋኝም። አመኑኝ አይደል? እኔ በእግሬ ወደ ላይ ልመለስ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«ከኋላ አስገባት፤» አሉ አባባ ከጋቢና። «እኔ አጠገብ አትቀመጥም። በሩንም ከውጭ ዝጋው።»

ማሙሽ በሩን ከፍቶ ቆመ። አንድ ቃል ከተናገርኩ አውቃለሁ ማለት ነው። የማላውቅ ሰው ነኝና ገባሁ፣ እሱም መቀርቀሪያውን ከውጭ ወረወረው።